የሕዝብ ድምፅ ገብቶበታል

ባለፈው ኅዳር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የድምፅ ክምችት ክፍል ውስጥ አንድ አሮጌ የቴፕ ክር ማጫወቻ ላይ ተጫነ። ክሩ በደርግ ጊዜ ጎንደር ከተማ በተካሄደ የክፍለ ሀገር የዘፈን ውድድር ላይ የተቀዳ ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁለት ሰዎች ነን፤ የክምችቱ ባለሙያ ሲሳይ እና እኔ።

የሄድኩት ለሥራ ነበር። የዚያን ዘመን ሀገር አቀፍ የዘፈን ውድድር ታሪክ እንድጽፍ ታዝዤ፣ ያኔ ይዘፍኑ፣ ያሰለጥኑና ይዳኙ የነበሩ ሰዎችን እያፈላለግሁ ሳነጋግር ከርሜ፣ የቀረኝ የድምፅ ማስረጃ ብቻ ነበር። ሲሳይ የቆርቆሮውን ክዳን ሲከፍተው ክፍሉን የአቼቶ ሽታ ሞላው። «ክር ሲበሰብስ እንዲህ ይሸታል» አለኝ። «አንድ ጊዜ እናጫውተዋለን፣ እግረ መንገዱን እንቀዳዋለን። ሁለተኛ ከጫንነው ይበጣጠሳል። ስለዚህ እትዬ፣ የሚሰሙትን ዛሬውኑ ይስሙ።»

ሽታ የጥንቱን ይመልሳል ይባላል፤ እኛ ቤት ግን አቼቶ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔን የመለሰኝ ክዳኑ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው ነው፦ «ክ/ሀገር ማጣሪያ። ደብረ ታቦር አውራጃ። ሴት፣ ነጠላ ድምፅ። ከመሐል የሕዝብ ድምፅ ገብቶበታል። አይተላለፍም።»

«ሴት» የተባለችው ታላቅ እህቴ የሺ ናት። «የሕዝብ ድምፅ» የተባለው እናቴ ናት።

ውድድሩ በአጭሩ እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ ቀበሌ የኪነት ቡድን ነበረው፤ የቀበሌው አሸናፊ ለወረዳ፣ የወረዳው ለአውራጃ፣ የአውራጃው ለክፍለ ሀገር እየተወዳደረ ይወጣና፣ ከየክፍለ ሀገሩ አንደኛ የወጡት ብቻ የመስከረሙ የአብዮት በዓል ሲቃረብ አዲስ አበባ ይገናኛሉ፤ የዚያ ቀን ዝግጅት በሬዲዮ ለመላ ሀገሪቱ ይተላለፋል። አንድ ድምፃዊ ሁለት ዘፈን ያቀርባል፤ አንዱ ስለ አብዮቱ ነው፣ ሌላው «ነፃ ምርጫ» ይባላል። ካነጋገርኳቸው ሰዎች መካከል ስለ አብዮቱ የዘፈነውን እስከ መጨረሻው የሚያስታውስ አላገኘሁም፤ ነፃ ምርጫውን ግን ያልዘፈነልኝ የለም። አንድ ጡረተኛ በስልክ ጀምረው፣ ባለቤታቸው «ኧረ ጎረቤት ይሰማል!» እያሉ ከኋላ ቢለምኗቸውም ሳይጨርሱ አላቆሙም።

የእኛ ቡድን የሚለማመደው በቀበሌው አዳራሽ ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ፣ ከጉና የሚወርደው ንፋስ በበሩ ገብቶ በመስኮቱ ይወጣ ነበር፤ በረዶ ሲጥል የቆርቆሮው ጩኸት ከበሮውን ስለሚውጠው ልምምዱ ይቆምና፣ ሁላችንም ግድግዳ ተደግፈን፣ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከትተን፣ እስኪያባራ እንጠብቃለን። የከበሮው ቆዳ በብርዱ እየላላ ድምፁ ይሞት ስለነበር ደጅ የባሕር ዛፍ ቅጠል አንድደን እናሞቀው ነበር። እስከ ዛሬ ከበሮ ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ዓይን የሚያስለቅስ ጭስ፣ ከእሱም ጋር ገና ያልታጠበ የካኪ ልብስ ሽታ ነው። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከተወዛዋዦቹ መስመር ከግራ ሦስተኛዋ ነበርኩ።

አሰልጣኛችን ጋሼ መርዕድ የሳይንስ መምህር ነበሩ። ከሐረር ተመድበው የመጡ፣ ሁለት ካፖርት ደርበው የሚያስተምሩ፣ ጣታቸው በብርድ ደርቆም እንኳ ክራር ላይ የማይሳሳት ሰው። «እኔን እኮ የመደቡኝ ትምህርት ቤት አይደለም፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው» ይሉ ነበር፤ ከመካከላችን ፍሪጅ ያየ ስላልነበረ የሚስቁት ብቻቸውን ነበር።

የሺ የምትዘፍነው ለምን እንደነበረ ለመናገር ከአዳራሹ ወጥቼ ወደ ገብሱ ማሳ መሄድ አለብኝ።

የምንኖረው ከከተማው ጥግ ነበር፤ ወደ ጉና በሚያስወጣው መንገድ ላይ ገበሬ ማኅበሩ ለእናቴ የደለደላት ትንሽ ማሳ ነበረችን። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ አራሹም አጫጁም ታላቅ ወንድማችን አያሌው ነበር። ኅዳር ላይ ገብሱ ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ አጫጆቹ በመስመር ይሰለፋሉ፣ አንዱ ያቀነቅናል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ማጭዱ የሚሄደው በዘፈኑ ልክ ነው። ተቀባዩ ዝም ካለ እጅ ይበተናል፣ መስመሩ ይጣመማል፣ አንዱ ከሌላው ይቀድማል። ስለዚህ በእኛ ሀገር መቀበል ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ሥራ ነው። እናቴ ውሃ ይዛ የምትመጣ ቢሆንም ማድጋዋን ሳታወርድ፣ ገና ከመንገዱ ላይ ሆና ትቀበል ነበር። «ያልተቀበሉት ዘፈን ደጅ ላይ እንደቆመ እንግዳ ነው» ትል ነበር፤ «እንግዳውንም ያሳፍራል፣ ባለቤቱንም ያሳፍራል።»

አያሌው ሁልጊዜ አርፍዶ የሚመጣውን አንድ ጎረቤታችንን ለመንካት ያወጣት አንዲት ዘፈን ነበረችው። ገና ሰውየው ከሩቅ ብቅ ሲል፦

ገብሱ ደረሰ ጉና ላይ፣
አጫጁ የት ቀረ ወይ?

ይላል። ደቦው ሁሉ ይቀበላል፦

ይመጣል፣ ይመጣል፣
ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል።

ሰውየውም እየሳቀ፣ «እናንተ ልጆች አፋችሁ ከማጭዳችሁ ይስላል» እያለ መስመሩ ውስጥ ይገባ ነበር።

ከዚያ መኸር በኋላ፣ በጥር ወር፣ አያሌው ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሄደ። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ደብዳቤ ከሰሜን መጣ። ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያም በኋላ እናቴ በየቀኑ ታስነብበኝ ስለነበር ቃል በቃል ይዤዋለሁ። ስለ ጤናው፣ ስለ በሬዎቹ፣ ስለ ሁላችንም ከጠየቀ በኋላ እንዲህ ይላል፦ «ማታ ማታ የሻምበላችን ሬዲዮ ይከፈታል። ከየሀገሩ ዘፈን ይመጣል። የወሎ ሲመጣ የወሎ ልጆች፣ የጎጃም ሲመጣ የጎጃም ልጆች ይነሳሉ። የእኛ ሰፈር ግን ገና አልመጣም። እኔ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው።»

የሺ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ደብዳቤውን ሰምታ ስትጨርስ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ተራውን እኔ አመጣለታለሁ።»

በቀጣዩ ኅዳር ደቦው ያለ አያሌው ተጠራ፤ ያችን ዘፈን ደፍሮ ያወጣት ሰው አልነበረም። የሺ ገብሱን እያጨደች፣ ነዶውን እየተሸከመች፣ ማታ ክር እየፈተለች ስታንጎራጉራት ከርማ፣ ሌላ ስንኝ ጨምራ፣ ዜማዋን ዝግ አድርጋ፣ ከቀልድነት ወደ ጥሪ ለወጠቻት፦

ማጭድህ ተሰቅሏል ከግድግዳው ላይ፣
ዝገት ሳይበላው መጥተህ አታይም ወይ?

ነፃ ምርጫዋ ይህ ሆነ። ቀበሌውንም ወረዳውንም አሸነፈችበት። አውራጃ ላይ ግን ግጥም ሁሉ በኮሚቴ ታይቶ ማኅተም ካልተመታበት መድረክ አይወጣም ነበርና፣ ሦስት ሰዎች በተቀመጡበት ጠረጴዛ ፊት ቆማ አንድ በአንድ አነበበችላቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ጓድ የሺ፣ አጫጁ ለምንድን ነው የቀረው? ይህ የሥራ ዲሲፕሊን ጉድለት አይመስልም?»

«አጫጁ ዘምቷል፣ ጓድ» አለች የሺ።

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ማኅተሙ ተመታ። ሦስቱም ሰዎች ያዩ የነበረው ወረቀቱን እንጂ እሷን አልነበረም።

ከአውራጃ አልፋ ለክፍለ ሀገር ስትዘጋጅ አንድ ደንብ ችግር ሆነ። «ነጠላ ድምፅ» በሚባለው ዘርፍ የሚወዳደር ድምፃዊ ብቻውን መዝፈን አለበት፤ ተቀባይ አይፈቀድለትም። እስከ አውራጃ ድረስ ይህን የሚቆጣጠር ስላልነበረ እኛ ተወዛዋዦቹ ከኋላዋ ሆነን እንቀበል ነበር። ጋሼ መርዕድ ዘፈኑን ከሚቆርጡት ብለው የተቀባዩን ቦታ ባዶ ተዉት፤ እሷ «የት ቀረ ወይ» ብላ ዝም ትላለች፣ ክራሩ ብቻውን ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ትቀጥላለች። «ክፍተቱን ማንም እንዳይሞላው» አሉን፤ «ውበቱ ባዶነቱ ነው።» ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም ማለትን ተለማመድን። እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን፣ ከንፈራችንን ነክሰን ቆምን። ከመካከላችን አንዷ ከንፈሯ ከተንቀሳቀሰ ልምምዱ እንደገና ይጀመር ነበር።

ለእናቶቻችን ግን ማንም አልነገራቸውም። ጋሼ መርዕድ ሐረር ተወልደው ያደጉ ሰው ነበሩ፤ ይነገራቸው ብለው አላሰቡም። እኛም ልጆች ነበርን፤ አላሰብንም።

ግንቦት ላይ ወደ ጎንደር የሄድነው በጭነት መኪና ነው። እናቴና አሥራ አንድ የሰፈራችን ሴቶች «ልጃችንን ብቻዋን አንሰድም» ብለው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ የገብስ ቆሏቸውን ቋጥረው ከእኛ ጋር ተጫኑ። ወረታ ስንደርስ ሙቀቱ አስወለቃቸው፤ አንዷ «ወይ ጉድ፣ ፀሐይን ሁሉ ለእነዚህ ሰጥቶ ነው እንዴ እኛን የረሳን?» ስትል መኪናው ሙሉ ሳቀ። የሺ ብቻ አልሳቀችም፤ ድምፄ ይደክማል ብላ ከደብረ ታቦር እስከ ጎንደር አልተነፈሰችም።

አዳራሹ ውስጥ ከመድረኩ ፊት አምስት ዳኞች ቀይ ጨርቅ ከለበሰ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ በጎን በኩል የሬዲዮ ሰዎች ሁለት ትልልቅ ጎማ የሚመስል ነገር የሚሽከረከርበት መቅጃ ዘርግተዋል። የሺ ያደረገችው ጫማ ከሰፈራችን ነርስ የተዋሰችው፣ ሁለት ቁጥር የሚበልጣትና ጫፉ ላይ ጥጥ የተወተፈበት ነበር። እንዳይወልቅባት ቀስ ብላ ስለተራመደች፣ በኋላ ከዳኞቹ አንዱ «ረጋ ያለ የመድረክ አቀራረብ» ብሎ ነጥብ እንደሰጣት ጋሼ መርዕድ ነግረውናል።

ስለ አብዮቱ የዘፈነችው በሰላም አለፈ። ከዚያ ነፃ ምርጫዋን ጀመረች። የመጀመሪያው «የት ቀረ ወይ» ላይ ዝም አለች፤ ክራሩ ብቻውን ሄደ። ያ ዝምታ ደብረ ታቦር አዳራሽ ውስጥ ስንለማመደው ያልነበረው ክብደት ነበረው። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት፤ አጠገቤ ያለችውም ስትውጥ ሰማኋት።

ሁለተኛው ክፍተት ላይ ከአዳራሹ ጀርባ አንድ ድምፅ ተነሳ፦

ይመጣል፣ ይመጣል፣
ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል።

የማን መሆኑን ለማወቅ መዞር አላስፈለገኝም። በሦስተኛው አሥራ አንዱ ሴቶች ገቡበት፤ ከዚያ ከሌላ አውራጃ የመጣውም፣ የጎንደሩም፣ ግማሽ አዳራሹ ተቀበለ። የሺ መጀመሪያ ደንግጣ ዓይኗ ወደ ጋሼ መርዕድ ሄደ። ወዲያው ግን ትከሻዋ ሲላላ አየሁት፤ ድምፅዋ ተከፈተ፣ ማሳ ውስጥ እንዳለች ሆነች፣ እስከዚያ ቀን እንዲያ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም፣ ከዚያ ወዲያም አልሰማሁም። ከኋላዋ የቆምነው ብቻ ዝም አልን።

እኔ አልተቀበልኩም። ታዝዤ ነበር።

ሰብሳቢው ዳኛ ደወል መታ። መነጽሩን አውልቆ ወደ ኋላ እያየ፣ «እናቴ፣ ይህ ሠርግ ቤት አይደለም። ውድድር ነው!» አለ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች። «አውቃለሁ ጌታዬ። ግን ልጄ ብቻዋን ስትጣራ፣ እናንተስ ዝም ብላችሁ ማየቱ እንዴት አስቻላችሁ?»

ከጎኗ ያለችው ሴት ደግሞ፣ «ማይኩን አልነካን! በባዶ አፋችን ነው የተቀበልነው» ስትል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ዳኞቹም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ነጥብ ቀነሱ። የነጠላ ድምፅ ደንብ ስለተጣሰ የሺ ሁለተኛ ወጣች፤ አዲስ አበባ የሚሄደው አንደኛው ብቻ ነበር።

እናቴ ምን እንደሆነ የገባት ስንመለስ፣ አዲስ ዘመን ከተማ ላይ መኪናው ውሃ ሊጨምር ሲቆም ነው። ጋሼ መርዕድ ወርደው አጠገቧ መጡ። «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አልነገርኩዎትም።»

«ምኑን ልጄ?»

«ያ ክፍተት ሆነ ተብሎ የተተወ መሆኑን።»

«ታዲያ ለማን ነበር የተተወው?» አለች እናቴ።

ጋሼ መርዕድ ደንቡን አስረዷት፤ ነጥቡን፣ አዲስ አበባን፣ ሬዲዮውን። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ እጇን በላዩ ላይ ጫነች። ወረታን ስናልፍም፣ ዳገቱን ስንጀምርም እጇን አላነሳችም። የሺ ከመኪናው ሌላ ጥግ ተቀምጣ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ዓለም በርን አልፈን ብርዱ ሲጀምር ተነስታ፣ ሰው እየተሻገረች መጥታ፣ ከእናቴ ጋቢ ስር ገባች።

የሺ በዓመቱ እንደገና ተወዳድራ አውራጃ ላይ ቀረች። ከአያሌው ሁለተኛ ደብዳቤ አልመጣም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የደረሰን የመርዶ ወረቀት ላይ የቦታው ስም እንጂ ቀኑ አልተጻፈም። የሺ ጎንደር ላይ በዘፈነችበት ቀን በሕይወት ነበረ ወይ? ቢተላለፍ ኖሮ ይሰማት ነበር ወይ? ሦስት መሥሪያ ቤት ጠይቄአለሁ፤ የሚያውቅ አላገኘሁም። የማላውቀውን አልጽፍም።

እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ በሠርግም በደቦም ስትቀበል አልሰማኋትም። ሰው ሲዘፍን ታጨበጭባለች፣ ትስቃለች፣ እልል ትላለች፤ የአዝማቹ ተራ ሲደርስ ግን ነጠላዋ ወደ አፏ ይሄዳል። ካረፈች ብዙ ዓመት ሆነ። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ስኖር የሚኒስትርም፣ የእስረኛም፣ የገበሬም ድምፅ ቀድቻለሁ፤ በየክፍለ ሀገሩ መቅጃዬን ያልደቀንኩበት ሰው የለም ማለት እችላለሁ። በየዓመቱ ለጥምቀት ቤት ስሄድ መቅጃው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አውጥቼ እናቴ ፊት አላስቀመጥኩትም።

ደብረ ታቦር ዛሬ ባጃጅ የሚርመሰመስበት ከተማ ነው። የቀበሌው አዳራሽ ፈርሷል፤ ከማሳችን ላይ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ባለፈው በሄድኩበት ሠርግ የሚዘፍነው ድምፅ ማጉያ ነበር፣ ሰዉም ከመቀበል ይልቅ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ይቀርጽ ነበር። ሀገር አቀፉ ውድድርም ከዘመኑ ጋር አብሮ ቀረ። የሺ እዚያው ትኖራለች፤ የልጅ ልጆች አሏት። ክሩ መገኘቱን ልነግራት ሰኞ ዕለት ደወልኩላት።

«እማዬም አለችበት?» አለችኝ።

«ገና አልሰማሁትም እታለም» አልኳት።

ማክሰኞ ክሩ ሲጫወት በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩት ይህ ነው። በመጀመሪያው ክፍተት የሚሰማው ክራር ብቻ ነው። በሁለተኛው አንዲት ሴት ትቀበላለች። በሦስተኛው የሚቀበሉትን ሰዎች ብዛት መለየት አይቻልም፤ የልጅ ድምፅ ግን የለበትም። የሺ የመጨረሻውን ስንኝ የምትጨርሰው ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሁለት ሰከንድ ላይ ነው። ክራሩ ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ላይ ያቆማል። ቀጥሎ ደወል ይሰማል። «ይመጣል» የሚለው የእናቴ ድምፅ የሚያቆመው አራት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ላይ ነው።